ሳልጣላ የታረቅሁበት ቀን

ደብረ ታቦር መጥታችሁ እህቱን በድሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የጠየቀው ነጋዴ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ማንኛውም ባጃጅ ነጂ እኔ ሱቅ በር ላይ ያወርዳችኋል። ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም እሸጣለሁ። ድንጋዩን ተሸክሜያለሁ፣ አልክድም። እህቴን ግን አልበደልኋትም፤ ተጣልተንም አናውቅም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እህቴ ሯጭ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ስሟን ሲጠሩላት የኖሩ ሰዎች ምን እንደፈየዱላት አይቻለሁ። ታላቄ ናት። ከትምህርት ቤት ውድድር ተነሥታ አዲስ አበባ ክለብ ገባች፤ ከዚያም በየአገሩ እየዞረች የጎዳና ሩጫ ማሸነፍ ጀመረች። አሸንፋ ስትመጣ ባጃጆች በሰልፍ ጡሩምባ እየነፉ ከከተማው መግቢያ ድረስ ወጥተው ይቀበሏት ነበር። ያኔ ዘመዷ ያልሆነ ሰው አልነበረም። አንዱ በአያቷ በኩል ይዛመዳታል፣ ሌላዋ በክርስትና እናቷ በኩል። አንድ የእብናት ሰውዬማ «ገና ልጅ ሳለች ቁመናዋን አይቼ ሯጭ እንደምትሆን የለየሁት እኔ ነኝ» እያለ በየግብዣው ከፊት ይቀመጥ ነበር። ሰውዬው የከብት ደላላ ነው። ቁመና ማየት ሥራው ስለሆነ አልተከራከርሁትም።

ከዚያ የተረከዟ ጅማት ተበጠሰ። ውጭ አገር ሰፉት፤ ስትመለስ ዳነ አሉ፤ ልምምድ ስትጀምር እንደገና ተበጠሰ። በመጨረሻ እንደ ማንኛውም ሰው መሄድና ደረጃ መውጣት ቻለች፤ ውድድር ግን አበቃ። ያን ጊዜ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። ሌላው ሰው ሥራ ፈልጎ በሚንከራተትበት ዕድሜ የእሷ ሥራ አለቀ።

የመሥሪያ ቤት ዘበኛ እንኳ ጡረታ ሲወጣ ሻይ በዳቦ ይቀርብለታል፤ ጋቢ ይደረብለታል፤ ኃላፊው ተነሥቶ ያላመነበትን ምስጋና ያነብለታል። እህቴን ግን ከክለቡ የቴሌግራም ቡድን አስወጧት፣ በቃ። ስንብቷ ይኸው ነበር። ጠዋት ማታ ይደውልላት የነበረው ማናጀር ስልኳን ማንሳት ተወ። እሷም ዕቃዋን ጭና እናታችንን ከገጠር አምጥታ ወዳስቀመጠችበት፣ ራሷ ወደሠራችው ቤት ተመለሰች። ባጃጆቹ በዚያ ቀን ሰው ጭነው በመንገዳቸው ያልፉ ነበር።

ከተማው ግን ጨርሶ አልጣላትም። የክብር እንግዳ አደረጋት። የክብር እንግዳ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ሶፋ ተሸክመው አውጥተው ሜዳው ላይ ያስቀምጡልሻል። ፊትሽ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ ይደረጋል። ፀሐዩ አናትሽን እየበሳው ሦስት ባለሥልጣናት ስለ ስፖርት ጥቅም ይናገራሉ፤ ሦስቱም ቦርጫቸው ቀበቷቸውን ሸፍኖታል። በመጨረሻ ባንዲራ ያስይዙሽና ተማሪዎቹን አስሩጪ ይሉሻል። የተራበ ሰው ጠርቶ ሌሎች ሲበሉ እንዲያስተናግድ እንደማድረግ ያለ ነገር ነው፤ አንድም ሰው ግን ይህን አላሰበም። ሁሉም ትልቅ ውለታ የዋሉላት ነበር የሚመስላቸው።

አንድ ቀን ከእንዲህ ያለ ክብር ተመልሳ ጫማዋን አወለቀችና ተኛች። በማግስቱ አልተነሣችም። ከዚያም በኋላ አልተነሣችም። እናታችን እንደምትነግረኝ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይቀሰቅሳት ትነቃለች። ለዓመታት ለልምምድ የምትነሣበት ሰዓት ነው፤ ለሰውነቷ ውድድሩ እንዳለቀ የነገረው የለም። ትነቃና ግድግዳውን ስታይ ትውላለች። ጸጉሯን መሠራት ተወች። እህል ቀርቦላት ጫፉን ቆርሳ ታስቀምጠዋለች። ከሳች፤ ሯጭ በነበረች ጊዜ ከነበራት ቅጥነት ሌላ ዓይነት ክሳት ነው። እናቴ ሱቄ ድረስ በእግሯ መጥታ ሚስማር መመዘኛው አጠገብ ቆመችና «ይቺ ልጅ ትሞትብናለች» አለችኝ። እናቴ ነገር የምታጋንን ሴት አይደለችም።

እኔም ፈራሁ። ሰው ምን እንደሆነች በጠየቀኝ ቁጥር የምመልሰው አጣሁ። መልሱን ግን ደንበኞቼ አላጡትም። ቆርቆሮ የሚገዛ ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ «ዓይን በልቷት ነው» ይላል። ሌላው «ተፎካካሪዋ አስደግማባት ነው» ይላል። አንዷ «ባል ብታገባ ይለቃት ነበር» አለችኝ፤ ይህን የምትለኝ ከባሏ ሸሽታ እናቷ ቤት ከገባች ገና መንፈቅ ያልሆናት ሴት ናት። ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን አንድ የቢሮ ሰው ነው። የቀለም ቆርቆሮውን ክዳን ከፍቶ እያየ «ጠግባ ነው» አለ። «ቤት አላት፣ መኪና አላት፣ አገር አይታለች፤ ምን ጎደላትና ነው የምትተኛው?» ቀለሙን አልሸጥሁለትም። አልቋል አልሁት፤ ከኋላዬ እስከ ጣራው ተደርድሮ እያየው።

እናቴ ጠበል ወሰደቻት። በጠበል አልቀልድም፤ እኔም እጠመቃለሁ። እህቴም ሳታንገራግር ሄደች፤ ከቀዝቃዛው ውሃ ስትወጣ ፊቷ በራ፤ እናቴ እልል ልትል ደረሰች። እኔን ግን ወደ ጎን ጠርታ «ከልምምድ በኋላ እግራችንን በረዶ ውሃ ውስጥ እንነክር ነበር፤ ቅዝቃዜው እሱን አስታወሰኝ» አለችኝ። ቤት ስንደርስ ተመልሳ ተኛች።

ከዚያ እናቴ ጭንቀቷን ለንስሐ አባታችን አዋየቻቸው። «ልጄ አትበላም፣ አትናገርም፣ ፊቷን አዙራ ትውላለች» አለቻቸው። እኛ አገር እንዲህ ላለ ነገር የታወቀ ስም አለው፤ ኩርፊያ ይባላል። ያኮረፈ ካለ ያስኮረፈ አለ። ያስኮረፈ ካለ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሽማግሌ ከተቀመጠ ሳያስታርቅ አይነሣም። ሰው ያለጠበኛ፣ እንዲያው በራሱ ሊወድቅ ይችላል የሚል ነገር በሽማግሌዎቻችን ሕግ ውስጥ የለም።

ሦስት ሆነው መጡ። አንዱ የንስሐ አባታችን ናቸው። ሁለተኛው የሟች አባታችን ታናሽ ወንድም፣ ከገጠር የተጠሩ አጎታችን። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤታችን ናቸው፤ ሁለት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ንግግር ያደርጋሉ። ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ተደረገላቸውና ጠየቋት።

«ልጄ፣ ማን አስቀየመሽ?» አሉ አጎታችን።

«ማንም።»

«አይዞሽ፣ ንገሪን። ማን ነው የበደለሽ?»

«ማንም አልበደለኝም፣ አጎቴ።»

በረንዳ ላይ ወጥተው መከሩ። እኔም ከእናቴ ጋር ማድቤት ቆሜ እሰማለሁ። መምህሩ ነገሩን እንደ ክፍል ትምህርት አስረዱ። የበደላት ባዳ ቢሆን ስሙን ትናገር ነበር። ክለቡ ቢሆን ትናገር ነበር። ስሙን ለመጥራት የሳሳችለት ሰው የገዛ ሥጋዋ መሆን አለበት። እናቷ እንዳይባል ሽማግሌ የጠራችው እናቷ ናት። ሌላ ማን አለ? ሦስቱም ዞር ብለው ወደ ማድቤቱ በር ተመለከቱ።

ማስረጃም ተገኘብኝ። ከተኛች በኋላ አንድ ቀን «ሩጫ ብቻ ነው እንዴ ሕይወት? ተነሺና ሱቅ አግዢኝ» ብያት ነበር፤ እናቴ ሰምታ ኖሮ ሲጠይቋት ነገረቻቸው። ያልሁት ቀና ነገር ነው፤ ዛሬም ብሆን እለዋለሁ። ለእነሱ ግን ክሱ ሞላ። አገር ያከበራትን ሴት ሚስማር መዝኚ ማለት ውርደት ነው ተባለ። እኔ ዕድሜ ልኬን ሚስማር ስመዝን ስኖር ስለ እኔ ውርደት የተቀመጠ ሽማግሌ ግን የለም።

«አጎቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ራሷን ይጠይቋት እንጂ» አልሁ።

«ጠየቅናትኮ» አሉ፤ «ልትነግረን አልፈለገችም።»

«የሚነገር ስለሌለ ነዋ!»

«ይኸውልህ» አሉ መምህሩ ወደ ሌሎቹ ዞረው፤ «ቁጣው ራሱ ይናገራል።»

ጥዬ ልሄድ ነበር። እናቴ በር ላይ ያዘችኝ። ፈርታ ነበር፤ ዓይኗ ቦዟል። «ጥፋት ባይኖርብህስ?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ድንጋዩ ይገድልሃል? አንድ ቀን ብትሸከመው ምን ትሆናለህ? እኔ ልጄ ከአልጋ ትነሣልኝ ነው የምለው።» እኔ ሽማግሌ አልፈራም፣ ሐሜት አልፈራም፣ እናቴ እንዲህ ስትሆን ግን የምገባበት አጣለሁ። እሺ አልኋት።

ቀጥሎ የድንጋዩ ነገር መጣ። በዳይ የሆነ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል፤ ድንጋዩንም ከላዩ የሚያወርድለት ተበዳዩ ብቻ ነው። መምህሩ ዘመናዊ ስለሆኑ «ምሳሌ እስከሆነ ድረስ ትንሽ ትበቃለች» ብለው ከአበባ መደቡ ጠጠር አነሡ። አጎቴ ተቀየሙ። «ጠጠር ተሸክሞ ይቅርታ አለ? ልጅቱን እንድናሾፍባት ነው የተጠራን?» አሉና ግቢውን ዞረው፣ አጥሩ ሲሠራ የተረፈ አንድ ጥርብ ድንጋይ መረጡ። የሚሸከመው ሌላ ሰው ስለሆነ ምርጫው ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሁለት ሆነው አንሥተው ጫኑብኝ። አጥር ላይ ጎረቤት ሁሉ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንዱ ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸኝ እንደሆነ አንገቴን ማዞር ባልችልም አውቄዋለሁ።

ሳሎኑን አቋርጬ፣ ዋንጫዎቿና ሜዳሊያዎቿ በተደረደሩበት ቡፌ ፊት አልፌ፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ ተንበረከክሁ። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ጥፋቱን አምኖ መጥቷል። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይው።»

አልዞረችም። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን አውጥተው ደገሙ። መምህሩ ስለ ወንድምና እህት ፍቅር መናገር ጀመሩ፤ ንግግሩ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው መሆኑን ከአጀማመሩ አወቅሁት። አንገቴ ይቃጠላል፤ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። በዚያች ሰዓት ሁሉንም ጠላኋቸው። ከተማውን፣ ክለቡን፣ ሶፋውን፣ የፕላስቲክ አበባውን፣ ሽማግሌ ተብሎ የተቀመጠውን ሁሉ ጠላሁ። ይቺን ሴት መሬት የጣላት ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ብሎ አጠገቧ የተቀመጠ የለም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ሥራ ይሠራባታል። ባለሥልጣኑ ይሸልማታል፣ ሽማግሌው ያስታርቃታል፣ እኔም ሱቅ አግዢኝ እላታለሁ።

«እታለም» አልኋት፤ «አንገቴ ተቆረጠ። እባክሽ ተነሺ።»

ዞረች። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ድንጋዩን አየች። ፊቷ ላይ ንዴት መጣ፤ እሷ ፊት ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ ያየሁት ነገር ነው። «ማን ነው ይህን የጫነበት?» አለችና ከአልጋው ወረደች። ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጉልበት የላትም። እኔ ከሥር እየደገፍሁ፣ እሷ ከላይ እየጎተተች፣ ለጥቂት እግሯ ላይ ሳይወድቅ ወለሉ ላይ አሳረፍነው። እዚያው አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ይህ ልጅ ምንም አላደረገኝም» አለች። «ማንም ምንም አላደረገኝም። መኖር ነው ያስጠላኝ። ጠዋት ጠዋት እነቃለሁ፤ ለምን እንደነቃሁ አላውቅም። ባልነቃ እላለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሽማግሌዎቹም ሰምተዋል፤ መስማታቸውን ያወቅሁት አንዳቸውም እሷን ባለማየታቸው ነው። በመጨረሻ አጎቴ «በይ አማትቢ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም» አሉ። መምህሩ «ይህ የስሜት ንግግር ነው፤ ዋናው ድንጋዩ መውረዱ ነው» አሉ። ጸሎት ተደረገ፣ ተመረቅን፣ ሽማግሌዎቹም ወደ ሳሎን አልፈው ምሳቸውን በሉ። እኔ ሱቄ ከመድረሴ በፊት የመታረቃችን ወሬ ደርሶ ነበር።

ሱቁን ከፍቼ ብዙም አልቆየሁም፤ ዘግቼ ወደ እሷ ተመለስሁ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ድንጋዩን ያነሣው ሰው የለም፤ ሽማግሌ ድንጋይ ያመጣል እንጂ አይመልስም። እሱ ላይ ተቀመጥሁና «ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኋት። «እንደዚህ ላለ ነገር የሚያክሙ አሉ።»

«ሰው ሲያየኝስ?» አለች። «እዚህ ከተማ ፊቴን የማያውቅ አለ? እዚያ የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ካዩኝ ‹ሯጯ አበደች› ነው የሚሉት። ሞቼ ቢያገኙኝ ይሻለኛል።»

የምትለው እውነት ነበር። ይህን ከተማ አውቀዋለሁ። ይልቅ ሌላ ነገር መጣልኝ። «አሁንኮ ሁሉም ተጣልተው ታረቁ እያለ ነው» አልኋት። «ወንድሟ በድሏት በብስጭት ታመመች ይበሉ። በብስጭት መታመም ነውር የለውም። እኔ በዳይ ልሁን።»

«አንተስ?»

«እኔ ቆርቆሮ ሻጭ ነኝ። ሰው ቢጠላኝም ክረምት መምጣቱ አይቀርም።»

ትንሽ አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። ተስማማን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዳይነቴን ሥራዬ ብዬ ያዝሁት። አንዷ ደንበኛዬ ሚስማር ልትገዛ ገብታ ማን መሆኔ ትዝ ሲላት ሳትገዛ ወጣች። የእብናቱ ደላላ ባንኮኒዬ ላይ ተደግፎ ስለ እህት ክብር መከረኝ። ያ «ጠግባ ነው» ያለው የቢሮ ሰው እንኳ መጥቶ «ምስኪን፣ ለካ አንተ ነህ ያሳመምሃት» አለኝ፤ ቀለሙንም በዚያው ገዛ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መመዘኛውን እወረውርበት ነበር። አሁን ግን «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» እያልሁ ለሁሉም አንገቴን ደፋሁ። አንድም ሰው ለጥርጣሬ ያህል እንኳ «እውነት በድለሃታል?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ሆስፒታል ቀጠሮ አስያዝሁላት፤ በቀኑ ጠዋት በነጠላ ፊቷን ሸፍና ወጣች። ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ አግዳሚው የሁሉም በሽተኛ ነው፤ የእኛ ተራ የሚጠራው ከወዲያ ካለችው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። በግራዋ በኩል የተቀመጠች አንዲት የሠፈራችን ሴት ከነጠላው በታች አሻቅባ አየቻት። ይቺ ሴት በዚያ በደጉ ጊዜ የአቀባበል ኮሚቴ ሆና ድንኳን ያስተከለች ናት።

«ውይ፣ አንቺ ነሽ? እንኳን ታረቃችሁ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ አግዳሚው ሁሉ እንዲሰማ። «አንተ ግን ልብ ግዛ። አገር ያኮራችን ልጅ እንዲህ አልጋ ላይ ትጥላት? እኔ እናትህ ብሆን ረግሜህ ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ። ለምጄዋለሁ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» ልል አፌን ስከፍት እህቴ እጄን ያዘችኝ። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፤ ኮሪደሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አወቃት።

«እሱ አልበደለኝም» አለች። «ድንጋዩን የተሸከመው በከንቱ ነው። እኔ ታምሜ ነው።»

ሴትዮዋ ደነገጠች። ከላይ እስከ ታች አየቻትና «እግርሽን ነው?» አለች።

«እግሬ ድኗል» አለች እህቴ። «እኔ ነኝ ያልዳንሁት።»

ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለች። ከዚያች ክፍል ስሟ ተጠራ፤ እሷም ተነሥታ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እንዳለ ትታ ገባች።